ቁስሉ ላይ ማን ቀድሞ ደረሰ? ፍራፍሬን ከመበስበስ የሚጠብቁት ጥቃቅን ነዋሪዎች

አንድ አፕል ስትበሉ ስንት ባክቴሪያ አብራችሁ የምትውጡ ይመስላችኋል? በኦስትሪያ የግራዝ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ጥናት መልሱ ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ ነው ይላል። ለዚያውም አብዛኞቹ ያሉት ልጣጩ ላይ ሳይሆን መሃል ላይ፣ ዘሩ ባለበት ነው። መሃሉን ጥላችሁ ሌላውን ብቻ ከበላችሁ ቁጥሩ ወደ 10 ሚሊዮን ይወርዳል።

"ኧረ በስማም!" ብላችሁ አፕሉን ከመወርወራችሁ በፊት ቆዩ። ከእነዚህ ነዋሪዎች አብዛኞቹ እናንተን ምንም አያደርጓችሁም። እንዲያውም ፍሬ ላይ ከሚኖሩት ጥቃቅን ተሕዋስያን መካከል አንዳንዶቹ ለፍሬው ዘበኛ ናቸው። ዛሬ የምናወራው ስለ እነሱ ነው፦ ፍሬ ከተለቀመ በኋላ እንዳይበሰብስ ኬሚካል ከመንከር ይልቅ ጥሩ ባክቴሪያና ጥሩ እርሾ መቀባት ስለሚባለው ነገር። ነገሩ ወሬ ብቻ አይደለም፣ ከ30 ዓመት በፊት ጀምሮ ገበያ ላይ የወጣ ምርት አለው። ግን እንደሚባለውም ተአምር አይደለም። የት ላይ እንደሚሠራና የት ላይ እንደማይሠራ ማወቅ ደግሞ ፍራፍሬ ለሚሸጥም፣ ለሚያመርትም፣ ነገ "ባዮሎጂካል መድኃኒት አለኝ" የሚል ሰው በሩን ለሚያንኳኳበትም ይጠቅማል።

መጀመሪያ ኪሳራውን እንይ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2019 ባወጣው ግምት፣ በዓለም ላይ ከሚመረተው ፍራፍሬና አትክልት ወደ 22 በመቶ የሚሆነው ከተሰበሰበ በኋላ ችርቻሮ ሱቅ ሳይደርስ ይባክናል። ሁሉም በመበስበስ አይደለም፤ የሚጨፈለቅም፣ የሚጠወልግም አለ። ግን አትክልት ተራ አካባቢ በጠዋት ያለፈ ሰው ድርሻው ስንት እንደሆነ በአፍንጫው ያውቀዋል።

ብስባሹ የሚገባው በየት ነው?

ከሳጥን ሥር አረንጓዴ ዱቄት የለበሰች ብርቱካን አግኝታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ያ ዱቄት ፔኒሲሊየም ዲጂታተም የሚባል ሻጋታ ነው። የዱቄቱ እያንዳንዱ ቅንጣት የሻጋታው ዘር ነው፤ በሳይንሱ ስፖር ይባላል። አንድ የበሰበሰ ብርቱካን ላይ በቢሊዮን የሚቆጠር ስፖር ሊኖር ይችላል። ሳጥኑን ነቅነቅ ስታደርጉት ብን ብሎ የሚነሳው እሱ ነው።

የሚገርመው ግን ይሄ ሁሉ ስፖር ጤነኛ ልጣጭ ላይ ቢያርፍ ምንም አያመጣም። ይሄ ሻጋታ ልጣጭ ሰብሮ የመግባት አቅም የለውም። በር ይፈልጋል። በሩ ደግሞ ቁስል ነው፦ ለቃሚው በጥፍሩ የጫራት፣ ከቅርንጫፉ ስትነጠቅ የተቀደደች፣ ከመኪና ስትወረወር ጠጠር የወጋት። በዓይን የማትታይ ጭረት ትበቃዋለች። ቁስሉ ውስጥ ውሃ አለ፣ ስኳር አለ፣ ማዕድን አለ። ስፖሩ እዚያ ሲወድቅ ይነቃል፣ ያቆጠቁጣል፣ ከዚያ ሥር የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ውስጥ ይዘረጋል። ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ይሄ ሁሉ በአንድና በሁለት ቀን ያልቃል። እናንተ በዓይናችሁ የምታዩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጨዋታው አልቋል።

ስለዚህ ሙሉው ፍልሚያ ያለው ቁስሉ ከተፈጠረበት እስከ ክሩ ሥጋው ውስጥ እስከሚገባበት ባለችው አጭር ጊዜ ነው። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ሻጋታው ቀድሞ ከተቀመጠ ፍሬው አለቀለት። ሌላ ጎጂ ያልሆነ ተሕዋስ ቀድሞ ከተቀመጠስ? ይሄ ጥያቄ ነው ምርምሩን የወለደው።

የታጠበው ፍሬ ቶሎ በሰበሰ

በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ ኪርኒስቪል በምትባል ቦታ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያ አለ። በ1980ዎቹ እዚያ ይሠሩ የነበሩት ቻርልስ ዊልሰን ከእስራኤሉ የቮልካኒ ማዕከል ተመራማሪ ከኤዶ ሐሉትዝ ጋር ሆነው በጣም ቀላል የሆነ ነገር አዩ። እኛ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ በጣም የወደድነው ይሄን ነው።

የብርቱካን ዘር የሆኑ ፍሬዎችን ልጣጭ ያጠቡበትን ውሃ ወሰዱ። ውሃውን ተሕዋስያን በሚበቅሉበት ሳህን ላይ እንዳለ፣ ሳያቀጥኑ ዘሩት። የበቀለው ባክቴሪያና እርሾ ብቻ ሆነ። ያንኑ ውሃ በብዙ ንጹሕ ውሃ አቅጥነው ሲዘሩት ግን ፍሬ የሚያበሰብሱት ሻጋታዎች ብቅ አሉ።

ቆይ፣ እንዴት ነው ነገሩ? ሲቀጥን አዲስ ሻጋታ ከየት መጣ? ከየትም አልመጣም። መጀመሪያም እዚያው ውስጥ ነበረ። እርሾውና ባክቴሪያው በብዛት ሲሆኑ አፍነውት ስለነበር ነው ያልታየው። ሲቀጥኑና ሲሳሱ ጊዜ አገኘና ተነሳ። ታጥቦ የደረቀ ፍሬ ካልታጠበው ቶሎ እንደሚበሰብስም ታየ። ማለትም ልጣጩ ላይ ያለው "ቆሻሻ" ብለን የምናስበው ነገር ግማሹ ጥበቃ ነበር ማለት ነው።

ሐሳቡ ከዚያ በፊትም ጭራሽ ያልነበረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 እስራኤል ውስጥ ጉተርና ሊታወር የተባሉ ተመራማሪዎች ባሲለስ ሰብቲለስ የሚባለው ባክቴሪያ የብርቱካን አበስባሾችን እንደሚያግድ ጽፈው ነበር፤ ግን ለሠላሳ ዓመት ያህል ብዙም ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ1984 ፒዩሲና ዊልሰን የዚያኑ ባክቴሪያ አንድ ዝርያ ኮክ ላይ ሞከሩት። ኮክን ቡናማ አድርጎ የሚያበሰብሰውን ፈንገስ አስቆመው። ማሸጊያ ቤት ውስጥ ፍሬው በሚቀባው ሰም ውስጥ ሳይቀር ቀላቅለው ሞክረውታል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ያ ባክቴሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ኢቱሪን የሚባል አንቲባዮቲክ እያመነጨ ነው። ሰዎች ደግሞ ጠየቁ፦ የምንበላው ፍሬ ላይ አንቲባዮቲክ የሚያመርት ነገር መርጨት ልክ ነው ወይ? ሻጋታውስ ነገ አይለምደውም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነበር። ዊልሰንና ባልደረቦቻቸው መርዝ ሳያመነጭ፣ ቦታ በመያዝ ብቻ የሚያሸንፍ ተሕዋስ ፍለጋ ፊታቸውን ወደ እርሾ ያዞሩት በዚህ ምክንያት ነው።

እርሾው ግን ምን ያደርጋል?

እርሾ ስንል ያው የምታውቁት ነው፤ ሊጥ ኩፍ የሚያደርገው፣ ጠላና ጠጅ የሚያፈላው ወገን። ጠጅ የሚጥል ሰው ይሄን ሳይንስ ያለ ማይክሮስኮፕ ያውቀዋል፦ ብርዙ ቶሎ መፍላት አለበት። እርሾው ፈጥኖ ካልተነሳ ሌላ ነገር ይገባና ይበላሻል። ፍሬ ላይ ያለውም ውድድር ከዚህ የተለየ አይደለም።

የመጀመሪያው መሣሪያው ሆዳምነት ነው። ቁስል ውስጥ የገባ እርሾ ስኳሩንና ናይትሮጂን ያለበትን ምግብ እየጠረገ በፍጥነት ይራባል። ስፖር ደግሞ ለመንቃት ምግብ ያስፈልገዋል። ሳህኑ ተጠርጎ ከቆየው አይበቅልም፤ ቢበቅልም ደካማ ነው። ለዚህ ነው ብዛት ወሳኝ የሆነው፦ ፍሬው የሚነከርበት ውሃ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊዮን እስከ 100 ሚሊዮን ሕዋስ ሊኖረው ይገባል። ከዚያ በታች ሲሆን ዘበኛው ይሳሳል።

ሁለተኛው ብረት ነው። አዎ፣ ብረት፤ ደማችን ውስጥ ያለው ዓይነት ማዕድን። ሻጋታ ያለ ብረት አያድግም። ሜችኒኮቪያ የሚባለው የእርሾ ወገን ብረትን አስሮ ወደ ቀይ ቀለም የሚቀይር ነገር ያወጣል፤ በሳህን ላይ ሲያድግ ዙሪያው እንደ ቀይ ወይን ሲቀላ ይታያል። ብረቱ ከታሰረ ሻጋታው ይራባል፤ ይራባል ስንል ረሃብ ማለታችን ነው፣ መባዛት አይደለም። ከዚህ ወገን አንዱ፣ ሜችኒኮቪያ ፍሩክቲኮላ፣ እስራኤል ውስጥ ከወይን ፍሬ ላይ ተለቅሞ በ2001 በሳይንስ ስም ወጣለት፤ ቆይቶም ለእንጆሪ፣ ለወይንና ለስኳር ድንች ሼመር በሚል ስም ተሽጧል።

ሦስተኛው ትንሽ አስፈሪ ነው። አንዳንድ እርሾዎች ሻጋታው ክር ላይ ተጣብቀው ግድግዳውን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች ይለቃሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተነሱ የማይክሮስኮፕ ምስሎች ላይ የእርሾ ሕዋሶች ክሩን እንደ መዥገር ይዘውት፣ ክሩም ከያዙበት ቦታ ጎድጉዶ ይታያል።

አራተኛው ፍሬውን ራሱን ይመለከታል። ብዙ ሰው የተለቀመ ፍሬ የሞተ ይመስለዋል። አይደለም፤ ይተነፍሳል፣ ይበስላል፣ ይከላከላልም። እርሾው ቁስሉ ላይ ሲያርፍ ፍሬው "ሰው ነካኝ" ብሎ የራሱን መከላከያ ያነሳል፤ ፀረ-ፈንገስ ውህዶችን ይሠራል፣ የቁስሉን ዳር ያጠነክራል። ይሄኛው ግን እንደ ፍሬው ዕድሜ ይለያያል። የበሰለና ያረጀ ፍሬ እንደ ጎረምሳው አይነሳም።

"ታዲያ እኛ ያንን እንብላው?"

ይሄ ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን። በተለይ ከእርሾዎቹ አንዱ ካንዲዳ ኦሊዮፊላ የሚባል መሆኑን ስትሰሙ። ካንዲዳ የሚለውን ስም ከሐኪም ቤት የምታውቁት ትኖራላችሁ። ግን ካንዲዳ የሚለው የቤተሰብ ስም ነው፤ በውስጡ በጣም ብዙ ዝርያ አለ፣ ሰው ላይ ችግር የሚፈጥሩት ጥቂቶቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ተሕዋስ ከመመረጡ በፊት ከሚያልፍባቸው ማጣሪያዎች አንዱ የሙቀት ፈተና ነው። የሰው ሰውነት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። 37 ዲግሪ ላይ የሚያድግ እርሾ፣ ሻጋታን የፈለገውን ያህል ቢገድል፣ ብዙውን ጊዜ ገና ከመጀመሪያው ይጣላል።

ሌላም ጥያቄ አለ፦ "የዳቦ እርሾ ገዝቼ በውሃ በጥብጬ ብረጨውስ?" ባትደክሙ ይሻላል። የዳቦ እርሾ የተመረጠው ሊጥ እንዲነፋ ነው፤ ልጣጭ ላይ በብርድና በድርቀት እንዲቆይ አይደለም። እዚህ ጋ የሚያስፈልገው ከመጀመሪያው ፍሬ ላይ መኖር የለመደ ነው።

ገበያ ላይ ሲወጣ

በ1995 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሁለት ምርቶችን መዘገበ። አንዱ አስፓየር ይባላል፤ ውስጡ ያለው ከላይ የጠቀስነው ካንዲዳ ኦሊዮፊላ ነው። ሁለተኛው ባዮሴቭ ሲሆን የተሠራው ሱዶሞናስ ሲሪንጌ ከሚባል ባክቴሪያ ነው፤ መነሻው እዚያው ኪርኒስቪል የቮይቼክ ያኒሼቪች ምርምር ነው። የዚህ ባክቴሪያ ሌሎች ዝርያዎች ተክል የሚያሳምሙ ናቸው፤ የተመረጠው ግን ምንም የማያሳምም ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ሌባ አንዱ ዘበኛ እንደሚሆኑት ማለት ነው።

ባዮሴቭ ለአፕል፣ ለፒር፣ ለብርቱካን ዘር፣ በኋላም ለድንችና ለስኳር ድንች እያገለገለ ለረጅም ዓመታት ቆየ። አስፓየር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከገበያ ወጣ። ሌሎችም እንዲሁ መጥተው ሄደዋል።

ለምን? ላቦራቶሪ ውስጥ ነገሩ ይሠራል። ተመራማሪው ራሱ ፍሬውን ይወጋል፣ ወዲያው እርሾውን ይጨምራል፣ ከዚያ ሻጋታውን ያመጣል። እርሾው ሁልጊዜ ቀዳሚ ነው። ማሸጊያ ቤት ውስጥ ግን ፍሬው ከማሳ ሲመጣ ቁስሉ ትናንት የተፈጠረ ሊሆን ይችላል፤ ስፖሩም ገብቶ ክር ጀምሯል። ኬሚካሉ እንዲህ ያለውን በተወሰነ ደረጃ ተከትሎ ይገድላል። እርሾው ግን ቤት ከተያዘ በኋላ ባለቤቱን የማስወጣት አቅም የለውም። ቀድሞ መግባት ብቻ ነው የሚችለው።

በዚያ ላይ ሕያው ነገር መሸጥ ራሱ ጣጣ ነው። ኬሚካል መጋዘን ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ ግድ የለውም። እርሾ ግን ሙቀት ሲያገኘው ይሞታል፣ ሲደርቅ ይዳከማል፣ ማሸጊያ ቤቱ በሚጠቀምበት ክሎሪን ውስጥ ቢገባ ደግሞ ያልቃል። ሻጩ ያልነገረህ ገዢውም ያላየው ነገር ይሄ ነው፦ ባልዲው ውስጥ ያለው ዘበኛ ሞቶ ሊሆን ይችላል፣ ውሃውም እንደዚያው ደፍርሶ ይታያል።

መፍትሔ ተብሎ የተገኘው መደራረብ ነው። አስፓየርን ታያቤንዳዞል ከሚባለው ፀረ-ፈንገስ ኬሚካል ጋር፣ ከተለመደው መጠን አንድ አሥረኛውን ብቻ ቀላቅለው ሲሞክሩት ውጤቱ ከሙሉው የኬሚካል መጠን ጋር እኩል ሆነ። ሌሎች ደግሞ እርሾውን ከቤኪንግ ሶዳ ጋር፣ ወይም ፍሬውን ለአጭር ጊዜ በሙቅ ውሃ ካሳለፉ በኋላ ተጠቀሙበት። "ጭራሽ ኬሚካል የለበትም" ብሎ መለጠፍ ለሚፈልግ ነጋዴ ይሄ አያስደስተውም። ለእኛ ግን ዘጠኝ አሥረኛውን ኬሚካል መቀነስ ትንሽ ነገር አይደለም። ሻጋታዎቹ ታያቤንዳዞልንም ኢማዛሊል የሚባለውንም እየለመዱ መሆኑ በብዙ አገር ታይቷል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ መጠን መጨመርም መንገዱ አይደለም።

አቮካዶ ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ

እስካሁን ያወራነው በቁስል ስለሚገባ ሻጋታ ነው። ሌላ ዓይነት አለ፤ ትዕግሥተኛው። አንትራክኖስ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ኮሌቶትሪከም የሚባለው ፈንገስ አቮካዶና ማንጎ ውስጥ የሚገባው ፍሬው ገና አረንጓዴ ሆኖ ዛፍ ላይ እያለ ነው። ልጣጩን በትንሹ ይበሳና እዚያው ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ለቃሚውም ነጋዴውም ንጹሕ ፍሬ ነው የሚያዩት። የአቮካዶ ጥሬ ልጣጭ ውስጥ ፈንገሱን የሚያስተኛ ውህድ አለ፤ ፍሬው ሲበስል ይሄ ውህድ ይቀንሳል። ያኔ ፈንገሱ ይነሳል። ገዝታችሁ ቤት ያስገባችሁት ደህና አቮካዶ በሁለተኛው ቀን ሲቆረጥ ጥቁር ሆኖ የሚገኘው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለውን ከተለቀመ በኋላ እርሾ ቀብቶ ማስቆም ከባድ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲዋ ሊዝ ኮርስተን የሠሩበት መንገድ ለዚህ ይመስላል ገና ከዛፉ የጀመረው። ከአቮካዶ ላይ ራሱ የተለቀመ ባሲለስ ባክቴሪያ መርጠው፣ ፍሬው ዛፍ ላይ እያለ እንዲረጭ አደረጉ፤ አቮግሪን በሚል ስምም ምርት ሆነ። አፍሪካ ውስጥ ከራሳችን ፍሬ ላይ ተለቅሞ ለራሳችን ገበሬ የተሠራ መሆኑ ያስደስታል። ውጤቱ ግን ከእርሻ እርሻ፣ ከዓመት ዓመት ይለያይ ነበር፤ ይሄም ገበያውን ጠባብ አድርጎበታል።

የእኛ ሙዝስ?

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። አዲስ አበባ የሚበላው ሙዝ ብዙው ከአርባ ምንጭ አካባቢ ነው የሚመጣው፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። ጥሬውን ተቆርጦ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ሳጥን፣ ቅጠል ተነጥፎለት መኪና ላይ ይደረደራል። ከላይ ያለው ከታች ያለውን ይጫነዋል፣ ጉድጓድ ባለ ቁጥር ይፋተጋል። ከደረሰ በኋላ ዝግ ክፍል ውስጥ በላምባ ጭስ ይበስላል። ጭሱ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ነው የሚያበስለው። ሙቀት፣ እርጥበት፣ ዝግ ክፍል፣ የቆሰለ ፍሬ። ፈንገስ ቤት ልከራይ ብሎ ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

ሙዝ ላይ የሚመጣው አንትራክኖስ ደግሞ ሁለቱንም መንገድ ይጠቀማል፤ ማሳ ላይ ተደብቆ የሚጠብቅም አለ፣ በመፋተግ ቁስል የሚገባም አለ። ሙዙ ሲበስል ጎድጎድ ያለ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፣ መሃሉ ላይ አንዳንዴ ብርቱካናማ ነገር ይታያል። (የበሰለ ሙዝ ላይ የሚታየው ጥቃቅን ቡናማ ጠቃጠቆ ይሄ አይደለም፤ እሱ መብሰል ብቻ ነው፣ በሉት።) ሌላው ደግሞ ዘለላው ከግንዱ የተቆረጠበት ጫፍ ላይ የሚጀምረው ብስባሽ ነው። ያ የቢላ ቁስል ነው፤ ትልቅ፣ እርጥብ፣ ክፍት።

እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ "ጥሩ እርሾ አለኝ፣ ሙዛችሁን ያድነዋል" ቢል የእኛ የመጀመሪያ ጥያቄ የእርሾው ስም አይደለም። የት ልትነክረው ነው? መቼ? የሚል ነው። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ነገር የሠራው ፍሬው ሁሉ በአንድ ማሸጊያ ቤት፣ በአንድ ገንዳ ስለሚያልፍ ነው። ለአገር ውስጥ ገበያ የሚቀርበው የእኛ ሙዝ በአብዛኛው ከማሳ ወደ መኪና ነው፤ ገንዳው የለም። አዲስ አበባ ደርሶ፣ ማብሰያ ክፍል ሊገባ ሲል መቀባት ደግሞ ለሁለት ቀን የቆየ ቁስል ላይ መቀባት ነው፤ የሻጋታው ክር ከገባ ቆይቷል። ሊሠራ የሚችለው ቦታ ማሳው ዳር ነው፣ ዘለላው በተቆረጠ በሰዓታት ውስጥ፣ በተለይ ያቺ የቢላ ቁስል ላይ። ለዚያ ደግሞ ንጹሕ ውሃ፣ ጥላ፣ ሳጥን ያስፈልጋል። ሳጥኑ ብቻውን ቁስሉን ስለሚቀንስ እርሾው ሳይመጣም ኪሳራው ይቀንሳል። ይሄን ስንል ቴክኖሎጂውን ለማጣጣል አይደለም፤ ገንዘብ ያለው ሰው መጀመሪያ ሳጥን ይግዛ ለማለት ነው።

ቤት ውስጥስ? ፍራፍሬ ከገበያ እንዳመጣችሁ አጥባችሁ እርጥቡን አታስቀምጡ፤ የምትበሉት ጊዜ እጠቡት። እርጥበቱ ሻጋታውን ይጠራል፣ ማጠቡም ዘበኞቹን ያስለቅቃል። የተጫረውንና የተመታውን ቀድማችሁ ብሉ። አረንጓዴ ዱቄት ያወጣችውን ብርቱካን ከሌሎቹ መሃል ስታወጡ ሳትነቀንቁ፣ በላስቲክ ሸፍናችሁ አንሱ። አፕል ላይ ለስላሳ ቡናማ ብስባሽ ካያችሁ ደግሞ "ቆርጬ ጥዬ ቀሪውን ጁስ ላድርገው" አትበሉ። እዚያ ላይ የሚያድገው ፔኒሲሊየም ኤክስፓንሰም ፓቱሊን የሚባል መርዝ ይሠራል፤ ሙቀትም በቀላሉ አያጠፋውም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለአፕል ጁስ የፈቀደው ከፍተኛ መጠን በኪሎ ግራም 50 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው።

ከእናንተ መካከል ግብርና ወይም ባዮሎጂ የምትማሩ ካላችሁ፣ ይሄኛው ለእናንተ ነው። ጥሩውን ተሕዋስ ለማግኘት እነ ዊልሰን በ1993 ያሳተሙት ዘዴ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ፍሬ ይታጠባል፣ ውሃው ይጠራቀማል። ሌሎች ጤነኛ ፍሬዎች በንጹሕ ሚስማር ይወጋሉ። ቁስላቸው ውስጥ የእጣቢው ውሃ ጠብ ይደረጋል፣ ከዚያ አበስባሹ ስፖር ይጨመራል። ቀናት ይጠበቃሉ። አብዛኛው ቁስል ይበሰብሳል። ሳይበሰብስ የቀረው ቁስል ውስጥ ግን አንድ ሻጋታውን የቀደመ ተሕዋስ አለ፤ እሱ ተፍቆ ይወጣና ለብቻው ይራባል። አርባ ምንጭ ሙዝ ላይ፣ ሲዳማ አቮካዶ ላይ፣ አሶሳ ማንጎ ላይ የሚኖሩት በሙቀቱም በአቧራውም የለመዱ ናቸው፤ ከቤልጂየም ወይም ከአሜሪካ በፍሪጅ ከሚመጣው የተሻለ ዕድል ሊኖራቸው ይችላል። ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ማን እንደሆነ መለየት፣ እንደ ሞላሰስ ባለ ርካሽ ነገር ላይ ይራባል ወይ ብሎ ማየት፣ ከዚያ 37 ዲግሪ ላይ አስቀምጦ አለማደጉን ማረጋገጥ ነው።